ውሃ ፓርክ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ካላንደሩን እዩት

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በኢንቦክስ ጻፈልኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል። ስለዚህም ስለዚያም ስናወራ ቆየንና በመሀል «ቲቸር፣ ያኔ ቢሾፍቱ ስትሄዱ ታይፎይድ ይዞኛል ያልኩዎት ውሸቴን ነበር። ቤት ውስጥ ብር ስላልነበረ ነው» አለኝ።

ስሙን አልጠቅስም፣ ይሄን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። ያኔ የክፍላቸው ሆም ሩም እኔ ነበርኩ። ከ52 ተማሪ የሄዱት 35 ናቸው። የቀሩት 17ቱ በአንድ ቅዳሜ ታመሙ፣ ለቅሶ ደረሰባቸው፣ ቤተሰብ ከለከላቸው። የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ይህችን ሳልደምራት ቀረሁ።

ልጆቹ የመረጡት ኩሪፍቱ ውሃ ፓርክን ነበር። ማን ይፈርድባቸዋል? ጓደኛቸው ከሸርተቴው ላይ ሲወርድ የተነሳውን ቪዲዮ ሲያዩ ነው የሚውሉት። ከአዳማ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። «ሶደሬ አጠገባችን እያለ ምን አስኬዳችሁ» የሚሉኝ አሉ። ሶደሬን እወደዋለሁ፣ ፍል ውሃውም የአዋሽ ዳር ጥላውም ደስ ይላል። ግን የ18 ዓመት ልጅ ሸርተቴ ሲያምረው ፍል ውሃ ግባ ማለት፣ በርገር ለጠየቀ አጥሚት እንደመስጠት ነው።

ጥፋቱ ከቦታው ምርጫ አልነበረም። ቀኑን የቆረጥነው በጥር ነው፣ የመንፈቀ ዓመቱን ፈተና እንደጨረስን ባለው ቅዳሜ። ጥር ምንድን ነው? የሰርግ ወር! ከነቢያት ጾም መፈሰክ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባሉት ቅዳሜና እሁዶች ዶልፊኑም፣ ኮስትሩም፣ ቅጥቅጡም ሙሽራ አጃቢ ነው። እኛ ደግሞ መኪና መፈለግ የጀመርነው አሥር ቀን ሲቀረን። አንድ ደላላ ቀብድ ተቀብሎን ዋዜማው ላይ «መኪናው ሰርግ ተይዟል፣ ሌላ አለ፣ ግን ይጨምራል» አለን። ጨመርን። ምን ምርጫ ነበረን? የፍጥነት መንገዱ ክፍያም በኮንትራቱ ውስጥ አልነበረም፣ አዳማ መግቢያው ላይ ሾፌሩ ዞሮ እኔን አየኝ። ምሳው ደግሞ እዚያው በሜኑ። ተደማምሮ በነፍስ ወከፍ 1,400 ብር ገባ። ለአንዳንዱ ቤት ይሄ የወር ኪራይ እኩሌታ ነው።

በዓመቱ ሌላ ክፍል ተሰጠኝ፣ ልጆቹም ያንኑ ቦታ ጠየቁ። አሁን ግን ከብሩ በፊት ካላንደሩን ዘረጋነው። መስከረም መጨረሻ አይሆንም፣ በእሬቻ ሰሞን ቢሾፍቱ በሰው ይሞላል፣ አልጋም መኪናም አይገኝም። ጥር ቀምሰነዋል። ዐቢይ ጾም ሰርግ የለበትም፣ መኪና ይረክሳል ብለን ስናስብ፣ የሙስሊም ልጆቻችን ረመዳን ሰሞኑን ከሱ ጋር እየገጠመ ነው። ግማሹን ክፍል ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ ላይ ልናውለው ነው? ግንቦት ላይ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይመለሳል፣ የ12ኛ ክፍል ልጅም ልቡ ፈተናው ላይ ነው።

የቀረችው ታኅሣሥ ናት፣ ከገና በፊት ያለችው። ዝናብ የለም፣ ጠዋት ቢበርድም ቀን ላይ ፀሐይ አለ። የኦርቶዶክሱ ሰርግ በነቢያት ጾም ይቆማል፣ ስለዚህ ባለመኪናው ራሱ ደውሎ «መቼ ነው የምትሄዱት» ይላል። ዓመት ሙሉ መኪና ለማኝ የነበርኩት ሰውዬ ያን ቀን ተለማኝ ሆንኩ።

ብሩን ከጥቅምት መጀመሪያ ጀምሮ በሳምንት 70፣ 70 ብር አደረግነው፣ አሥር ሳምንት። እቁብ አይደለም፣ ዕጣ የለውም፣ በሁለት ልጆችና በእኔ ስም የተከፈተ የባንክ ደብተር ነው። መክፈል የከበደው ለገንዘብ ያዧ ብቻ ይነግራል፣ ክፍሉ ፊት ስም አይጠራም። ይቺን ካሁኑ ያዙልኝ፣ ኮሚቴ የሆናችሁ። «ያልከፈላችሁ እጅ አውጡ» ሲባል ነው ታይፎይድ የሚጀምረው።

ቲኬቱን ቀድመን ደውለን ለቡድን፣ ለተማሪ፣ ለአዘቦት ቀን የተለየ ዋጋ እንዳለ ጠየቅን። የትም ስትሄዱ ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ የሚነግራችሁ የለም። ምግብ ይዞ መግባት የማይፈቅድ ቦታም ብዙ ስለሆነ ይሄንንም አስቀድሞ ማወቅ ነው። እኛ ሽሮ ፍርፍራችንን በልተን ገባን፣ ስንወጣም መኪናው ውስጥ ቆሎና ዳቦ ጠበቀን። ከመኪናው ጋር ደግሞ የመንገድ ክፍያው፣ የሾፌሩ ምሳና የመመለሻው ሰዓት በወረቀት ተጻፈ፣ ተፈረመ።

700 ብሩ ከነሙሉው በቃን። ከ49 ተማሪ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዷ በእውነት ታማ ነበር፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ አይቻለሁ (ከዚያ ወዲህ ታይፎይድ ሲባል አላምንም)።

ለቤተሰብ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጨምር። ላንጋኖም ሐዋሳም ቢሾፍቱም፣ አልጋ ስትይዙ የተነገራችሁ ዋጋ «ፕላስ ፕላስ» ከሆነ ተጠንቀቁ። 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመርበታል፣ በዚያ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት። 3,000 የተባለው አልጋ ሰርቪሱ ሲገባ 3,300፣ ቫቱ ሲገባ 3,795 ይሆናል። ያቺ 795 ብር የልጆቹ ምሳ ነበረች። ስትደውሉ «ሁሉንም ጨምሮ የመጨረሻው ስንት ነው?» በሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ አድርጉ። ቀብድ ስትልኩ በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ አካውንት እንጂ በቴሌግራም ላገኛችሁት ግለሰብ አትላኩ። እሁድ ማታ ከማደር ጀምራችሁ ሰኞና ማክሰኞን ብትመርጡ ደግሞ ለመደራደር አቅም ይኖራችኋል። ዓርብ ማታ የሚደራደራችሁ የለም።

ለዚያ ልጅ ምን ብዬ እንደመለስኩለት ጠይቃችሁኛል። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ኧረ ቲቸር፣ እርስዎ ምን አጠፉ» አለኝ። ክረምት ላይ ሲመጣ ከቀሩት 17ቱ ውስጥ አዳማ ያሉትን ሰብስቦ አብረን እንድንሄድ ተነጋግረናል፣ ሰኞ ዕለት፣ ቲኬቱ በእኔ። ይሄን የምታነቡ ከነሱ ውስጥ ካላችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ የመኪናውን ቁጥር ካሁኑ ልወቀው።