ደብረ ወርቅን «ዕድሏ ነው» አትበሏት

ባሕር ዳር ያደገችው ዓባይ ደጇ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። ዓባይማ እናርጅ እናውጋንም ከወሎ ለይቶ ያልፋል፤ ደብረ ወርቅ ግን ዛሬም የወረዳ ከተማ ናት።

ባሕር ዳርም ብትሆን በጊዮርጊስ ገዳም ዙሪያ የተሰባሰበች መንደር ነበረች። በ1950ዎቹ መንግሥት በጣሊያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሶቪየት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ተከለላት፤ የጢስ ዓባይ መብራትም መጣላት። በ1980ዎቹ ደግሞ የክልል ዋና ከተማነት ተጨመረላት። ውሃው ያው የጥንቱ ነው።

ደብረ ወርቅም ገዳም አላት፤ ያውም ስመ ጥር የማርያም ገዳም። ሹማምንት ለንግሥ ሲመጡ «ታሪካዊት ከተማ» ይሏታል፤ በጀት ሲደለደል ግን ታሪክ ነጥብ አያሰጥም። ለከርሞ ሲመጡ ስለ ገዳሙ ጥንታዊነት ለአገሬው መስበኩ ይቅርና፣ ለከተማዋ ስንት ብር እንደያዙ ይንገሩት።