የእማዬ የጡረታ ቀን

በእኛ ቤት ከዓመት በዓል ቀጥሎ የሚከበር ቀን ነበረ፤ የእማዬ የጡረታ ቀን። እማዬ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። ከ1968 እስከ 2004 ዓ.ም. 36 ዓመት አስተምራ ነው ጡረታ የወጣችው። የክፍያው ቀን ሲደርስ ደብተሯን በመሀረብ ጠቅልላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ትወጣለች። ከእሷም ቀድመው የመጡ ድንጋይ አስቀምጠው ወረፋ ይዘው ይጠብቋታል። የምትመለሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ መትቷት፣ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ግን ፈክቶ። ለልጆቼ ከረሜላ፣ ለቤት ግማሽ ኪሎ ቡና ይዛ፣ የእድሩን ለብቻው ቋጥራ።

ታዲያ ክፍያው በባንክ ሂሳብ ሲሆን ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ አትንገላቺም፤ እኔ አለሁልሽ» አልኳት። የኤቲኤም ካርድ አወጣንላት፤ ካርዱን እኔ ያዝኩት። የባንኩ ሠራተኛ ስልክ ቁጥር ሲጠይቀን የራሴን ሰጠሁ፤ በእሷ ትንሽ ስልክ መልእክት ማንበብ ያስቸግራታል ብዬ። ገንዘቡ ሲገባ መልእክቱ ለእኔ ይመጣል። ዘይቱን፣ የደም ግፊት መድኃኒቷን እገዛለሁ፣ መብራቱን እከፍላለሁ፤ የቀረውን በእጇ እሰጣታለሁ። ከገንዘቧ ሳንቲም አልነካሁም። ጥሩ ልጅ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ስሄድ ጥቁር ለብሳ አገኘኋት። አብረዋት ለዓመታት ያስተማሩት ጓደኛዋ ካረፉ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። እሷ የሰማችው ገበያ ላይ፣ ያውም በአጋጣሚ።

«ቀብሯ ላይ አልቆምኩም፤ አርባዋም አለፈኝ» አለች።

«እንዴት የሚነግርሽ ሰው ጠፋ?» ስላት ዝም ብላ አየችኝና፣ «የምንገናኘው እዚያ ወረፋ ላይ ነበራ» አለችኝ።

እኔ ወረፋውን የማውቀው በእግሯ እብጠት ብቻ ነበር። ለካ የድሮ መምህራን ሁሉ የሚገናኙበት ቦታ ኖሯል። የአንዱ ቤት ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብቷል፤ ሌላዋ ልጇ ጋ ሄዳለች፤ በወር አንድ ጊዜ ግን ሁሉም እዚያ ነበሩ። ማን ታመመ፣ ማን የልጅ ልጅ አየ፣ የሚሰማው እዚያ ነው።

በዚያው ቀን ሌላም ጠየቀችኝ፤ «ለመሆኑ ጡረታዬ አሁን ስንት ነው?» ልነግራት አፌን ስከፍት ራሴን ታዘብኩት። 36 ዓመት የሠራች ሴት የራሷን ገቢ ከእኔ ነው የምትጠይቀው። «ታጎድይብኛለሽ ብዬ አይደለም ልጄ» አለችኝ። «ግን ለለቅሶ መድረሻ ስፈልግ አንቺን ማስፈቀድ ጀመርኩ።»

ወላጆቻችን ደግሞ ይህን ገንዘብ በስጦታ አላገኙትም። እማዬ በምታስተምርበት ዘመን ከደመወዟ በየወሩ 4 በመቶ ይቆረጥ ነበር። ዛሬ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምራል። እሷ ጡረታ ስትወጣ ስሌቱ እንዲህ ነበር፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። የእማዬ 36 ዓመት 62.5 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። ከጠመኔ አቧራ ጋር የኖረችበት እያንዳንዱ ዓመት ተቆጥሮ ነው የገባላት። የአከፋፈሉ መንገድ ከደብተር ወደ ካርድ ቢለወጥም ባለቤቷ እሷው ናት። ባለቤቱን የለወጥኩት እኔ ነበርኩ፤ በፍቅር ስም።

ሰኞ አብረን ባንክ ሄድን። በሂሳቡ ላይ የነበረውን ስልክ ቁጥር በእሷ አስቀየርን። የሚስጥር ቁጥሩንም ራሷ መርጣ ቀየረች፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ። የ13 ዓመቷ ልጄ መልእክቱን እንዴት እንደምትከፍት አስተማረቻት። አስተማሪን ማስተማር ከባድ ነው፤ ሦስቴ ተቆጥታለች። አንድ ነገር ግን ሁላችንም ደጋግመን ነገርናት፤ ከባንክ ነኝ ብሎ ደውሎ የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው።

እግረ መንገዳችንን ሰነዶቿን ጎን ለጎን አስቀምጠን አየናቸው። በጡረታ ሰነዱ ላይ የአባቷ ስም «ገ/ሥላሴ» ተብሎ በአጭሩ ተጽፏል፤ በባንክ ደብተሩ ላይ ግን ሙሉው ነው። አሁን ባንኮች የፋይዳ መታወቂያ ስለሚጠይቁ እንዲህ ያለው ልዩነት ሳይቸኩል በጊዜ ቢስተካከል ይሻላል። እናንተም የወላጆቻችሁን እዩላቸው።

ወላጅ ከአልጋ መነሳት ካቃተው ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ውክልና ያስፈልጋል። ካርድ ተቀብሎ ኪስ ውስጥ መክተት ግን ውክልና አይደለም። ውክልናም ቢሆን ወካዩ ሲያርፍ አብሮ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ሞቱን አሳውቆ የተተኪዎችን ጡረታ መጠየቅ አለበት፤ ለሚስት ወይም ለባል የሟቹ ጡረታ 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ። በሟች ካርድ ገንዘብ ማውጣት የቀጠለ ልጅ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው እናቱን ነው።

ባለፈው ወር እማዬ ለሦስት የድሮ ጓደኞቿ ደውላ አንድ ቀን ቆረጡ። ባንክ በር ላይ ተገናኙ፤ ወረፋው አጭር ስለነበር የቀረውን ሰዓት ሻይ ቤት አሳለፉት። ማታ ስሄድ ከረሜላው ለልጆቼ ታድሏል፤ የእድሩም ተቋጥሯል። ግማሽ ኪሎ ቡናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ታየዋለች።

«ይኼን ሁሉ ወር ቡናውን በዚህ ዋጋ ነበር የምትገዢልኝ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ከጡረታዬ እንዴት ሊበቃሽ ቻለ?»

ዝም አልኩ። አንዱን ከረሜላ አንስታ ለእኔም ሰጠችኝ።