40 ጊዜ ባንድ ቀን ወይስ 10 ጊዜ በ4 ቀን?

የማባዣ ሠንጠረዥን ባንድ ሳምንት «ጨርሶ» ዳግም ያለመመለስ ልማድ በየትምህርት ዕቅዱ ይታያል። እኛ እጩ መምህራን ይህን ልማድ ይዘን ክፍል መግባት የለብንም እንላለን። ምስክራችን አፕሊዥያ የምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ ናት።

ይህች ፍጥረት ያሏት የነርቭ ሕዋሳት 20 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው። ሰውነቷን ሲነኳት መተንፈሻ ስንጥቧን ትሰበስባለች። ጉዳት የሌለው ንክኪ ሲደጋገምባት ግን ትለምደውና መሰብሰቡን ትቀንሳለች። ኤሪክ ካንደል (በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ተሸላሚ) ከባልደረቦቹ ጋር በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በቀን 10 ጊዜ ለ4 ቀን የተነኩት ልምዱን ለሳምንታት ያዙት። 40ውን ባንድ ቀን የተነኩት ግን ያን ያህል አልያዙትም።

እንግዲህ እናስላው። 10 × 4 = 40 ነው። ድምሩን ብቻ የሚቆጥር ቀመር ሁለቱን ሊለያቸው አይችልም። የነርቭን ትምህርት በሒሳብ መግለጽ የሚሻ ሁሉ በመካከል ያለፈውን ጊዜም ቀመሩ ውስጥ ማስገባት ግድ ይለዋል። ዕረፍቱም የትምህርቱ አካል ነዋ!

እርግጥ ልጅ ቀንድ አውጣ አይደለም፤ ልጅ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ቢሆንም ለቀንድ አውጣ የበዛባት ሽምደዳ ለልጅ ይበጃል ያለው ማነው?

«ምዕራፉ አያልቅም» የሚሉን ይኖራሉ። እኛ ግን ተጨማሪ ሰዓት አልጠየቅንም። አንዱን የ40 ደቂቃ ልምምድ በ4 ቀን፣ አሥር አሥር ደቂቃ እናከፋፍለው። 40ው ያው 40 ነው።