የክረምት ልጅነት ያለ ወቀሳ ይተረክ

ትምህርት ቤት ሰኔ መጨረሻ ላይ ተዘግቶ መስከረም እስኪጠባ ያሉት ወራት፣ ደጋ ላደገ ኢትዮጵያዊ ከልጅነቱ ሁሉ ያልደበዘዙ ናቸው። ጭቃው፣ ከሰል ላይ የሚንጣጣው የበቆሎ እሸት፣ «አንተ ገና ልጅ ነህ» ቢባልም ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምኩ ብሎ ማልቀስ። ይህን የሚያወሳ ትረካ በየዓመቱ አይጠፋም። ብዙው ግን «በእኛ ጊዜ» ብሎ ይጀምርና የዛሬውን ልጅ በመውቀስ ያበቃል።

የሚወቀስ ልጅ አይሰማም።

ቡሄን ብቻ እንይ። ነሐሴ 13 ከመድረሱ በፊት እረኞች ልጥ ልጠው ጅራፍ ይገምዳሉ፤ የማን ጅራፍ ጎልቶ እንደሚጮኽ ተራራ ለተራራ ይፎካከራሉ። ጩኸቱ በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው። ሙልሙሉና ችቦውም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። የታቦርን ብርሃን ያዩ እረኞች ቀኑ ያልመሸ መስሏቸው ከከብቶቻቸው ጋር ውጭ ቆዩ፤ የጨነቃቸው ወላጆች ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ ይባላል። በዓሉ ራሱ ጨዋታ ላይ የመሸባቸው ልጆች ትረካ ነው! ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል?

በከተማ ደግሞ ሆያ ሆዬ አለ። አውራጁ የአባወራውን ስም አስቀድሞ ያጣራል፣ ተቀባዮች መሬቱን በዱላ ይደቃሉ፣ ዳቦ ወይም ብር ሲሰጥ ምርቃቱ ይወርዳል። ማታ ሲከፋፈሉ ገንዘብ ያዡ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ሳይቀር መተረክ አለበት፤ ልጅ ራሱን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው።

የሴቶች ልጆች ክረምት ግን ከሚገባው ያነሰ ተነግሯል። በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ሲደርስ ለምለሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው የጨፈሩ እናቶች ዛሬም በየቤቱ አሉ። ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዝናብ ራቁታቸውን እየዘለሉ አሳድገኝ ያሉም እንዲሁ።

ቴሌቪዥን በአገሪቱ ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ከ40 ዓመታት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩት አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) ምክር አያጡም ነበር። ግን ተረቱ ይቀድም ነበር፤ ምክሩ የሚመጣው ልጁ ስቆና ተገርሞ ካበቃ በኋላ ነው። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያዘነላቸው በዚህ ውለታቸው ጭምር ነው።

ዋሽንግተን ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ነሐሴ ማለት የሚያቃጥል ፀሐይ ነው፤ ያባቱን ጭቃ የሚያውቀው ሲነገረው ብቻ ነው። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በዚህ ክረምት አንድ ምሽት ስለ ስልኩ ምንም ሳትናገሩ፣ የገመዳችሁትን ጅራፍ ከልጡ አመራረጥ ጀምራችሁ ለልጆቻችሁ አውሩላቸው። የሬዲዮ አዘጋጆችም ለእንዲህ ያለው ትረካ የነሐሴን ምሽቶች ስጡልን።