የማብላያ ገንዳ በሰዓት ብቻ አይመራ

በብዙ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች «ስንት ሰዓት ይብላላ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። በእኛ አስተያየት ግን መጠየቅ ያለበት «አሲዱ በምን ፍጥነት እየተፈጠረ ነው?» ተብሎ ነው።

እንደሚታወቀው፣ የተፈለፈለ ቡና ቀሽሩ ላይ ተጣብቆ የሚቀር የሚያዳልጥ ሽፋን አለው። እርሾና ባክቴሪያ በሽፋኑ ያለውን ስኳር ሲጠቀሙበት የላክቲክና የአሴቲክ አሲድ ይፈጠራል፤ ሽፋኑም እየላላ ይሄዳል። ፍጥነቱን በይበልጥ የሚወስነው ሙቀት ነው። እንደ ቴፒ ባለ ሞቃት አካባቢ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ የሚችለው ሥራ፣ በይርጋ ጨፌ ከፍታ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በአንዱ ጣቢያ እንኳ ደመና የዋለበትና ፀሐይ የከረረበት ቀን እኩል አይሆኑም። ታዲያ አንድ ቁጥር ግድግዳ ላይ ጽፎ ወቅቱን ሙሉ በእርሱ መሥራት ምን ይበጃል?

መለኪያው ውድ አይደለም፤ የፒኤች ወረቀት ይበቃል። ፈሳሹ ከገንዳው መካከል እንጂ ከላዩ አይቀዳ። በየሁለት ሰዓቱ፣ ንባቡ ከ5 በታች ሲወርድ ደግሞ በየሰዓቱ እየተለካ ከሙቀቱ ጋር በመዝገብ ይጻፍ። ወደ 4.5 ገደማ ሲጠጋ ሽፋኑ አብዛኛውን ጊዜ ለቅቋል። ፒኤች በአንድ ሲቀንስ አሲድነቱ በአሥር እጥፍ ስለሚጨምር፣ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት መዘናጋት ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ይጎዳል። ንባቡ 4.9 ሆኖ በሰዓት 0.1 እየወረደ ከሆነ፣ አራት ሰዓት ያህል ቀርቷል ማለት ነው፤ ውሃውና አጣቢዎቹ ቀድመው ይዘጋጃሉ።

ይሁንና ወረቀቱ እጅን አይተካም። ታጥቦ ሲታሽ እንደ ጠጠር የሚሻክር ቡና ደርሷል። ልምድ ያለው አጣቢና ወረቀቱ ካልተስማሙ፣ እኛ አጣቢውን እናምናለን።

የጧቱንና የማታውን ፍልፍል በአንድ ገንዳ ማደባለቅ ግን ልኬቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ግማሹ ገና ሳይለቅ ግማሹ ያልፍበታል። ካለፈበት ቡና ጥቂቱ ብቻ የጠቅላላውን ጣዕም ያበላሻል፤ ደረጃው ሲወርድ የሚጎድለውም የአባላት የትርፍ ድርሻ ነው።

«ለሌሊት ተረኛ ማን ይከፍላል?» የሚሉ ማኅበራት አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የልማት ሠራተኞች ጉዳዩን ለሥራ አመራር ኮሚቴው ማቅረብ ያለባቸው እሸቱ ከመቅላቱ በፊት፣ በጀቱ ሲያዝ ነው።