የመምህሩ ጨጓራ፦ የ2ኛ ደረጃ ትምህርት ለውጥና የመምህራን ጤና

ከቤተሰብዎ መካከል የ2ኛ ደረጃ መምህር አለ? ወይስ መምህሩ እርስዎ ራስዎ ነዎት? ሰሞኑን “ጨጓራዬ አላስቀምጥ አለኝ”፣ “ራሴን ይወቅረኛል”፣ “እንቅልፍ እምቢ አለኝ” የሚል ንግግር በቤት ውስጥ ከበዛ፣ መድኃኒት ቤት ከመሄድዎ በፊት ይህን ያንብቡ።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የ2ኛ ደረጃ መምህር ሥራ በብዙ መልኩ ተቀይሯል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ጀመረ። ውጤቱ ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል አለ። ሆኖም በመምህሩ በኩል ሲታይ፣ ካስተማራቸው አሥር ተማሪዎች ዘጠኙ አሁንም አያልፉም። ለቅሶ ቤትም ሆነ እድር ላይ “እናንተ ምን ስታስተምሩ ከረማችሁ?” የሚባለው እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ። ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ የቀድሞው የሥነ ዜጋ ትምህርትም በዜግነት ትምህርት ተተክቷል። የታተመ መጽሐፍ ባልደረሰባቸው ቦታዎች መምህሩ መጽሐፉን በስልኩ ጭኖ፣ ከትንሿ ስክሪን እያነበበ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ክረምቱ የእረፍት ጊዜው ነበር፤ አሁን ሥልጠናና የመምህራን የብቃት ምዘና ገብተውበታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ የኑሮው ነገር አለ፤ ብዙዎች ማታና ቅዳሜ አስጠኚ ሆነው ይሠራሉ።

ለውጡ ራሱ ሰው ያሳምማል ማለቴ አይደለም። ብዙ መምህራን ኩረጃው በመቅረቱ ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል። የሚያሳምመው ኃላፊነቱ እየጨመረ፣ መሣሪያው፣ ጊዜውና የመወሰን ነፃነቱ ግን ባለበት ሲቀር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታዎችን በሚመድብበት 11ኛው ዝርዝር ላይ ይህ ዓይነቱ የሥራ ዝለት፣ በተለምዶ በርንአውት የሚባለው፣ በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም። ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው የተባለው። መለያዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኃይል ተሟጦ ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ “ምንም አልረባም” የሚል ስሜት። በእኔ ዕይታ ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። ችግሩ የመምህሩ ድክመት ብቻ ተደርጎ ከታየ፣ በኪኒንና በምክር ብቻ ይፈታል ብለን እንሳሳታለንና።

በእኛ አገር ጤና ተቋም ሄዶ “ሥራዬ አስጨነቀኝ” የሚል ሰው ጥቂት ነው። የሚነገረው ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ የልብ ትርታ፣ የጀርባ ማቃጠል ነው። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ ጭንቀት ጡንቻን ያኮማትራል፣ እንቅልፍን ይነሳል፣ የጨጓራን ሕመም ያባብሳል። ከዚያ የተለመደው ዙር ይጀመራል። ለራስ ምታቱ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፤ እነዚህ ደግሞ ጨጓራን ይጎዳሉ፤ ለጨጓራው ሌላ መድኃኒት ይጨመራል። ፈተና ለማረም ሌሊት ቡና ወይም ጫት፣ ከዚያ ለመተኛት መጠጥ የሚጨምርም አለ። ሐኪሙ ስለ ሥራው ካልጠየቀ፣ ታካሚውም ካልተናገረ፣ ይህ ዙር ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራ ሲሄዱ ሁለቱንም ይናገሩ፤ የሚያምዎትንም የሚያስጨንቅዎትንም። ሁሉንም በጭንቀት ማሳበብም ልክ አይደለም። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ድካምና ሕመም ያመጣሉ፤ በምርመራም ይለያሉ። ክብደት መቀነስ፣ ጥቁር ሰገራ ወይም ደም ማስታወክ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ድምፅም አይረሳ። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል እየጮኸ የሚያስተምር መምህር ድምፁ ከሦስት ሳምንት በላይ ከሻከረ በዝንጅብልና በማር ብቻ መቆየት የለበትም፤ የአንገት በላይ ሐኪም ጉሮሮውን ሊያየው ይገባል።

ቤተሰብ በጣም ሊጠነቀቅበት የሚገባው ዝለትንና የድብርት ሕመምን መለየት ላይ ነው። የዛለ መምህር ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ሲሆን ጥቂት ይፈታል፤ ሰኞ ሲመጣ ይከፋዋል። ድብርት ግን ቅዳሜና ሰኞ አይለይም። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ማዘን፣ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ማስጠላት፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ መዛባት፣ ራስን መውቀስ፣ ማተኮር አለመቻል ከታየ፣ ይህ የሚታከም ሕመም ነው። የንግግር ሕክምናም አለው፣ መድኃኒትም አለው። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ውጤታቸው ጎልቶ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳሉና “አልሠራልኝም” ብሎ በአሥረኛው ቀን ማቆም የተለመደ ስህተት ነው። ሻል ሲልም ያለ ሐኪም ምክር አይቋረጥም። ስለ ሞት የሚናገር ወይም “ብገላገል ይሻለኛል” የሚል ከሆነ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ቤት ውስጥ “አንተ ደግሞ ተማሪ ወደቀ ብለህ?” ማለት አይረዳም። “ሥራውን ተወው በቃ” ማለትም እንዲሁ፤ የቤቱ አስቤዛ ከዚያው ደመወዝ የሚወጣ ከሆነ ምክር ሳይሆን ሌላ ሸክም ነው። የሚረዳው የሚያዝ ነገር ነው፦ የእርማት ሥራ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ እንዲቆም ማገዝ፣ በሳምንት አንድ ማታ ማስጠናት እንዲቀር በጀቱን አብሮ ማየት፣ ወደ ሕክምና አብሮ መሄድ። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ የአንድ ዲፓርትመንት መምህራን የአዲሱን መጽሐፍ ምዕራፎች ተከፋፍለው የትምህርት ዕቅድና የፈተና ጥያቄ ቢያዘጋጁ የእያንዳንዱ የሌሊት ሥራ ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የክፍለ ጊዜ ብዛትና የመጽሐፍ እጥረት ግን የርዕሰ መምህሩና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጉዳይ ነው፤ ትንፋሽ በመለማመድ አይቃለልም።

ሐኪሙ እረፍት ካዘዘ ማስረጃውን በጽሑፍ ይቀበሉና ለትምህርት ቤቱ ቶሎ ያስገቡ። በግል ትምህርት ቤት ለሚሠሩና የሙከራ ጊዜያቸውን ለጨረሱ መምህራን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ ይፈቅዳል፦ የመጀመሪያው ወር ከሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ የሰው ሀብት ክፍላቸውን ይጠይቁ። በማስረጃው ላይ ምን ዓይነት የሕመም ስም እንደሚጻፍ የሚያሳስብዎት ከሆነ፣ ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገሩት።