ፖስተሩ፣ አባቱ ማነው?

«ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚለውን የ1950ዎቹን ፊልም ባናየውም ስሙን ሰምተናል። ዛሬ ጥያቄውን ተውሼ ወደ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ልወስደው ነው። ያ ግድግዳውን ያለበሰው ፖስተር፣ አባቱ ማነው?

እስቲ ጠጋ ብላችሁ አንብቡት። ፕሮዲውሰሩ አለ፤ ደራሲው አለ፤ ዳይሬክተሩ አለ፤ ተዋንያኑማ ከነፊታቸው አሉ። ልብስ ያለበሰው ቡቲክ፣ አልጋ የሰጠው ሆቴል ሳይቀር ዓርማው ከታች ተሰልፏል። ይህን ሁሉ ስም ፊደል እየመረጠ፣ አንዱን እያተለቀ ሌላውን እያሳነሰ የደረደረው ሰው ግን የለም። የሰርጉን ድንኳን ተክሎ፣ ሲበላ ከበር የሚመለስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመት ኖሯል። በሲዲ ሽፋን ጀመረ፤ ወደ ፊልም ፖስተር ተሻገረ፤ አሁን ደግሞ ለዩቲዩብ ድራማ የምታስጎመጀውን የፊት ምስል ይሠራል። (ስሙን አልጠራም። እንጀራው እንዳይዘጋበት ብዬ ነው እንጂ፣ እኔም እንደ ፕሮዲውሰሮቹ ሆኜ አይደለም።) ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍሉ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ደንበኛ ገባ።

«ነገ ጠዋት ይድረስልኝ።»

«ፊልሙን ላየው እችላለሁ?»

«ምን ሊያደርግልህ? የልጅቷን ፊት ትልቅ አድርገው፣ ጀርባውን ቀይ በለው፣ አለቀ!»

ዋጋ ሲነሳ ሰውዬው ተቆጣ። «ኤአይ እኮ በነፃ ይሠራልኛል!»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ስድስት ጣት አወጣላት።»

ተማሪዬ ስቆ በተባለው ዋጋ ተቀበለ። ሰውዬው ሲወጣ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ድርሰት ያስተማሩኝ ሳላነብ እንድሥል ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ገንዘቡን ከተቀበለ ምን ቀረበት? ልብስ ሰፊ ስሙን ኮሌታ ላይ ይጠልፋል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ወዳጆቼ፣ ሕጉ ከእናንተ ጋር አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሥዕልንም ከሥራ ቆጥሮታል። ይህን ለጠያቂ ስነግር «የምን አዋጅ?» የሚለኝ ከሠዓሊዎቹ ራሳቸው ይበዛል። ይህ ያናድደኛል።

ደግሞስ ስም ለጌጥ ነው ያለው ማነው? ለእንዲህ ያለ ሰው ስም የሚቀጥለው ሥራ ማለት ነው፤ ዋጋ ለመጨመር የሚያስችል አፍ ማለት ነው። ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1958 በሠራው «ቨርቲጎ» መግቢያ ላይ ርዕሱን የነደፈው ሶል ባስ እንደሆነ ተጽፎ ይነበባል። ያን ያነበበ ሌላ ፕሮዲውሰር ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። ባስ የፊልም ርዕስና ፖስተር እየነደፈ፣ ጎን ለጎን የትላልቅ ኩባንያዎችን ዓርማ ሠርቶ፣ በሙያው ተከብሮ ነው እ.ኤ.አ. በ1996 የሞተው። የእኛው ልጅ ጥሩ ፖስተር ቢሠራ ማን ይጥራው? «ያን ቀዩን የሠራው ልጅ» ተብሎ ነው የሚፈለገው፤ ቀይ ያልሆነው ደግሞ የት አለ?

ይህን ጽሑፍ ልቋጭ ስል የራሴን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አወረድኩ። በምስጋናው ገጽ ባለቤቴን፣ ረቂቁን የተየበችልኝን ልጅ፣ ሥራ ቦታ ቡና ያፈላችልኝን ሴትዮ ሳይቀር አመስግኛለሁ። የሽፋኑ ሠዓሊ የለም። ሁለተኛው እትም ላይም የለም። ሰው ሁሉ ሽፋኑን ሲያደንቅልኝ «አመሰግናለሁ» እያልኩ ስቀበል የኖርኩት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው እትም ላስገባው ብዬ ስሙን ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። ማተሚያ ቤት ያገናኙኝ ሰውዬ ዘንድ ደወልኩ።

«ያኔ ሽፋኑን የሠራልኝ ልጅ ማን ነበር?»

«የትኛው ልጅ?» አሉኝ።